መሣሪያው ያለማምዳል፣ መምህሩ ያስተምራል

አንድ አዲስ መሣሪያ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን መሣሪያው ችግርን ሁሉ እንደሚያስወግድ አድርጎ ያወድሰዋል፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ ልጆችን እንደሚያሰንፍና መምህራንን ከሥራ ውጭ እንደሚያደርግ ቈጥሮ ያወግዘዋል። ሁለቱም ወገኖች የሚመለከቱት መሣሪያውን እንጂ የመሣሪያውን አያያዝ አይደለም። የሽመና ዕቃ ብቻውን ጋቢ እንደማይሠራ፣ ያለ ሽመና ዕቃም ሸማኔ ከፈትል ጋቢ ሊያወጣ እንደማይችል የጋሞ ልጆች የሆናችሁ ተማሪዎች ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። ስለዚህ አንድን መሣሪያ ከመቀበላችን ወይም ከመጣላችን በፊት በማን እጅ፣ ለምን ተግባርና በምን ዐይነት አኳኋን እንደሚሠራ መመርመር ይገባናል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው መሣሪያ በኮምፒዩተር፣ በታብሌትና በእጅ ስልክ ላይ የሚሠራው የሒሳብ ማስጠኛ ፕሮግራም ነው። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ፕሮግራሙ ለተማሪው አንድ ጥያቄ ያቀርብለታል። ተማሪው በትክክል ሲመልስ ከበድ ወዳለው ጥያቄ ያሸጋግረዋል፤ ሲሳሳት ፍንጭ ይሰጠዋል፣ አለዚያም ለዚያ ጥያቄ መሠረት ወደሆነው ወደ ቀድሞው ትምህርት ይመልሰዋል። በተጨማሪም እያንዳንዱ ተማሪ ስንት ጥያቄ እንደ ሠራ፣ የትኛው ላይ ደጋግሞ እንደ ተሰናከለና ምን ያህል ጊዜ እንደ ፈጀበት መዝግቦ ለመምህሩ ያሳያል።

ዐሳቡ ዛሬ የተወለደ አይደለም። ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የማስተማሪያ መኪና ሠርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ፕላቶ የተባለው በኮምፒዩተር የሚያስተምር ሥርዐት ሥራ ጀመረ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የታወቀው ካን አካዳሚም መነሻው ትንሽ ነበር፤ ሳልማን ካን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ2004 በሌላ ከተማ የምትኖር አንዲት ዘመዱን በስልክና በኢንተርኔት ሒሳብ ማስጠናት ጀመረ፤ ትምህርቱን በተንቀሳቃሽ ሥዕል እየቀረጸ ለሌሎችም አሰራጨው፤ በ2008 ራሱን የቻለ ድርጅት ሆነ።

ይህ ጽሑፍ የሚከራከርለት ዐሳብ የሚከተለው ነው። የሒሳብ ማስጠኛ ፕሮግራም ወደ ትምህርት ቤቶቻችን መግባት አለበት፤ ከሁሉ አስቀድሞም የሚያስፈልጋቸው ከከተማ ርቀው ለሚማሩ ልጆች ነው። ይሁን እንጂ አገባቡ መምህሩን በመተካት ሳይሆን በማገዝ፣ የተማሪውን አንደበት በመዝጋት ሳይሆን በመክፈት መሆን ይኖርበታል። አለዚያ ገንዘብ ይጠፋል፤ ከገንዘቡ ይልቅ የሚከፋው ግን የእናንተ ዕድሜ መባከኑ ነው።

ጉዳዩ ለምን እንዳሳሰበን ለመረዳት የብሔራዊ ፈተናን ውጤት መመልከት ይበቃል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነ። ውጤቱ መሻሻሉ አይካድም፤ ሆኖም በ2017 ዓ.ም. እንኳ ከ12 ተፈታኞች ያለፈው አንድ ገደማ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። በዚህ ላይ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናው ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። እንግዲህ ዛሬ የዘጠነኛና የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆናችሁ ሁሉ ከኮምፒዩተር መስኮት ፊት መቀመጣችሁ የማይቀር ከሆነ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትቀመጡት በፈተናው ዕለት መሆን የለበትም።

አሁን ወደ ሒሳብ ትምህርት ባሕርይ እንለፍ። የታሪክ ተማሪ አንድ ምዕራፍ ቢያመልጠው ቀጣዩን ምዕራፍ አንብቦ ብዙውን ነገር ሊረዳ ይችላል። ሒሳብ ግን እንደ መሰላል ነው፤ አንድ እርከን የጎደለው ሰው ከዚያ በላይ ያለውን ሊረግጥ አይችልም። ለምሳሌ ያህል ይህን እኩልታ ተመልከቱ፦ ሀ/2 + ሀ/3 = 10። ትክክለኛው መልስ 12 ነው፤ የ12 ግማሽ 6፣ የ12 ሲሶ 4፣ ድምሩም 10 ይሆናልና። ነገር ግን ብዙ ተማሪዎች 25 ብለው ይመልሳሉ። ምክንያቱ እኩልታን አለማወቅ አይደለም። ክፍልፋዮችን ሲደምሩ ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ጋር ስለሚደምሩ 2ሀ/5 = 10 የሚል እኩልታ ያገኛሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራቸው ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ መልሱ ስሕተት ይሆናል። ሕመሙ ያለው በዘጠነኛ ክፍል ትምህርት ውስጥ ሳይሆን ከብዙ ዓመት በፊት በታለፈው በክፍልፋይ ትምህርት ውስጥ ነው።

ባስተማርኩባቸው ዓመታት እንደ ተመለከትኩት፣ አንድ መምህር በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ለእያንዳንዱ ተማሪ እንዲህ ያለ ምርመራ ለማድረግ ጊዜ አይበቃውም። በደብተሩ ላይ የተሳሳተውን በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አድርጎ ያልፋል፤ ተማሪውም «ሒሳብ አይገባኝም» ብሎ ይደመድማል። እውነቱ ግን ያልገባው ሒሳብ ሳይሆን አንድ የተወሰነ ነገር ነው፤ ያ አንድ ነገር የቱ እንደሆነ የሚነግረው ሰው አጥቷል። የማስጠኛ ፕሮግራም ዋናው ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። በደንብ የተዘጋጀ ፕሮግራም 25 የሚለውን መልስ ሲያይ «ተሳስተሃል» ብሎ ብቻ አይተወውም፤ መልሱ ከየት እንደ መጣ ያውቃልና ተማሪውን ወደ ክፍልፋይ ትምህርት ይመልሰዋል። ሲደክመው አይቈጣም፤ ዐሥር ጊዜ ቢጠየቅ ዐሥር ጊዜ ይመልሳል፤ ጓደኞቹም ስሕተቱን ስለማያዩበት አያሳፍረውም።

ይህ እያንዳንዱን ተማሪ እንደየዐቅሙ የማስተማር ዘዴ ለአገራችን እንግዳ ነው እንዳይባል የቀድሞውን የቤተ ክህነት ትምህርት ማስታወስ ይበቃል። በየኔታ ፊት የተቀመጡ ልጆች ሁሉም በአንድ ገጽ ላይ አይውሉም ነበር፤ አንዱ ፊደል ሲቈጥር ሌላው አቡጊዳ ይላል፣ ሦስተኛው ዳዊት ይደግማል። ፊደሉን አጥርቶ ያልለየ ልጅ ወደሚቀጥለው አይሸጋገርም። በትምህርት የገፉትም የኋለኞቹን ያስጠናሉ። ያ ትምህርት የራሱ ጒድለቶች ነበሩት፤ ሆኖም «ሳያውቁ ማለፍ የለም» የሚለው ሥርዐቱ ዛሬ የኮምፒዩተር ፕሮግራም እንደ አዲስ ግኝት ይዞት የመጣው ዐሳብ ነው።

ዐሳቡ በሥራ ሲፈተን ምን ውጤት እንዳስገኘ ደግሞ ከውጭ አገር አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በሕንድ አገር በዴልሂ ከተማ ማይንድስፓርክ የተባለው የማስጠኛ ፕሮግራም ከትምህርት ሰዓት በኋላ በሚሠሩ ማእከሎች ይሰጥ ነበር። ተመራማሪዎች 619 ተማሪዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ከአራት ወር ተኩል ገደማ በኋላ ሲፈትኗቸው፣ ዕድሉን ያገኙት በሒሳብ ከሌሎቹ በጒልህ በልጠው ተገኙ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። ከጥናቱ ሁለት ነገሮችን ልናስተውል ይገባል። አንደኛ፣ በስድስተኛ ክፍል ያሉት ተማሪዎች በአማካይ ከክፍላቸው ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ወደኋላ ቀርተው ስለነበር፣ ፕሮግራሙ ትምህርቱን የጀመረላቸው ካሉበት ቦታ እንጂ ክፍላቸው ከሚጠይቀው ቦታ አልነበረም። ሁለተኛ፣ ተማሪዎቹ በመሣሪያው ፊት የሚቀመጡት ለ45 ደቂቃ ሲሆን፣ የቀረውን 45 ደቂቃ በትንንሽ ቡድን ሆነው ከሰው አስጠኚ ጋር ያሳልፉ ነበር። ስለዚህ መሣሪያው ውጤት ያስገኘው ብቻውን ሳይሆን ከሰው ጋር ተጣምሮ መሆኑን አንርሳ።

እዚህ ላይ «እንግዲያው ምን ያከራክራል? መሣሪያውን ገዝቶ ማደል ነው እንጂ» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ለዚህ መልስ የሚሆን ታሪክ ከራሳችን አገር አለን። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ፕላዝማ ቴሌቪዥኖች ተተክለው፣ ሒሳብን ጨምሮ በርካታ ትምህርቶች ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይሠራጩ ነበር። ዓላማው የሚመሰገን ነበር፤ በዋና ከተማና በገጠር የሚማሩ ልጆች አንድ ዐይነት ትምህርት፣ ከአንድ ጐበዝ መምህር እንዲያገኙ የታሰበ ነበር። ነገር ግን ሥርጭቱ ለመላ አገሪቱ በአንድ ሰዓት የሚተላለፍ ስለሆነ፣ ያልገባው ተማሪ «እባክዎ ይድገሙልኝ» ሊለው አይችልም። በመስኮቱ ላይ ያለው መምህር ጥያቄ ያቀርባል፤ ጥቂት ሰኮንዶች ይቈያል፤ ተማሪው ጽፎ ሳይጨርስ መልሱን ተናግሮ ያልፋል። በክፍሉ ውስጥ ለቆመው መምህር የቀረው ሥርጭቱ ከመጀመሩ በፊትና ካበቃ በኋላ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነበሩ። መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋ ነበር።

የፕላዝማው ትምህርት የደከመው ቴሌቪዥን ክፉ ነገር ስለሆነ አይደለም። ተማሪው የሚናገርበት፣ መምህሩም የሚወስንበት ቦታ ስላልተተወላቸው ነው። የዛሬው የማስጠኛ ፕሮግራም ቢያንስ አንዱን ጒድለት ያርማል፤ ተማሪውን ይጠብቃል፣ ይደግምለታል። ሁለተኛውን ጒድለት ግን፣ ማለትም መምህሩን ወደ ዳር የመግፋቱን ነገር፣ እኛው ካልጠነቀቅን በቀር ራሱ አያርመውም።

መሣሪያ ማደል ብቻውን ውጤት እንደማያመጣ ከሌላም አገር እንማራለን። የፔሩ መንግሥት በብዙ ሺህ ለሚቈጠሩ የገጠር ልጆች ትንንሽ ኮምፒዩተሮች አከፋፍሎ ነበር። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት፣ በ319 ትምህርት ቤቶች ላይ ባደረጉት ምርመራ፣ ኮምፒዩተሩን ያገኙት ልጆች በሒሳብም ሆነ በቋንቋ ካላገኙት ልጆች በልጠው አልተገኙም። ልጆቹ መሣሪያውን መጠቀም ለምደዋል፤ በመሣሪያው የሚማሩት የተዘጋጀ ትምህርትና የሚመራቸው ሰው ግን አልነበራቸውም።

ከሁሉ ይልቅ ለእናንተ ዕድሜ የሚቀርበው ማስጠንቀቂያ ከቱርክ አገር የተገኘው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ያሉ ወደ 1 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ሒሳብ ሲለማመዱ፣ ከፊሎቹ የተጠየቀውን ሁሉ በሚመልስ ሰው ሠራሽ ብልኀት እንዲረዱ ተደረገ። በልምምዱ ጊዜ ውጤታቸው በ48 ከመቶ ከፍ አለ። መሣሪያው ተወስዶባቸው በፈተና ሲቀመጡ ግን መሣሪያውን ጨርሶ ካልነኩት ተማሪዎች በ17 ከመቶ ዝቅ ብለው ተገኙ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መልሱን ሲቀበሉ እንጂ ሲፈልጉ አልነበሩም። መልሱን ሳይናገር ፍንጭ ብቻ እንዲሰጥ ተደርጎ የተዘጋጀውን መሣሪያ የተጠቀሙት ሌሎች ተማሪዎች ግን ይህን ያህል ጉዳት አልደረሰባቸውም። እንግዲህ አንድ ፕሮግራም ጥሩ አስጠኚ መሆኑ የሚታወቀው መልስ በመስጠቱ ሳይሆን መልስ ለመስጠት ባለመቸኰሉ ነው።

በዚሁ አንጻር፣ ከርት ቫንሌን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2011 ብዙ ጥናቶችን አነጻጽሮ ያገኘው ውጤት ጠቃሚ ነው። እርዳታ ያገኙና ያላገኙ ተማሪዎች የሚለያዩበትን ርቀት በአንድ የስታቲስቲክስ መለኪያ ሲለካው፣ የመጨረሻውን መልስ ብቻ የሚያርሙ ፕሮግራሞች ያስገኙት ልዩነት 0.31 ገደማ ሆነ። የተማሪውን አሠራር እርምጃ በእርምጃ የሚከታተሉት ግን 0.76 ገደማ አስገኙ፤ ይህም ሰው አስጠኚ ካስገኘው ከ0.79 ብዙም አይርቅም። ትርጒሙ ይህ ነው፤ በሒሳብ ውስጥ ትምህርት ያለው በመልሱ ላይ ሳይሆን ወደ መልሱ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው።

ስለ መንገዱ ካነሣን ዘንድ ወደ ኦቾሎ እንውጣ። ኦቾሎ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ የአባያን ሐይቅ ቍልቍል በሚያይ ቋጥኛማ ከፍታ ላይ የተመሠረተ የጋሞ መንደር ነው። ይህ መንደር በዓለም የሥነ ሰብእ ሊቃውንት ዘንድ ስሙ ይታወቃል። ማርክ አቤሌስ የተባለው ፈረንሳዊ ተመራማሪ በመንደሩ ተቀምጦ ካጠና በኋላ እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ መጽሐፍ አሳትሟል። ሊቁን የሳበው ነገር የሕዝቡ ጉባኤ ነበር። የኦቾሎ ሰዎች የመንደሩን ጉዳይ በአደባባይ ተሰብስበው ይመክሩበት ነበር፤ አንዱ ተነሥቶ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል፣ ተቃዋሚው ምክንያቱን ያስረዳል፤ ጉዳዩም የሚቋጨው በድምፅ ብልጫ ሳይሆን በመስማማት ነው። በጋሞ ምድር በየስፍራው የሚገኘው ዱቡሻ የዚህ ዐይነቱ የምክክር ባህል አደባባይ ነው።

ይህን ማስታወስ ያስፈለገኝ ለጌጥ አይደለም። «ምክንያትህን አስረዳ» የሚለው የጉባኤው ሕግ የሒሳብም ሕግ ነው። በሒሳብ አንድ ነገር እውነት የሚሆነው መምህሩ ስለ ተናገረው፣ ወይም መሣሪያው አረንጓዴ ምልክት ስላሳየበት አይደለም፤ ምክንያቱ ሲመረመር የማይፈርስ ስለሆነ ነው። ተማሪው በመስኮቱ ላይ ከቀረቡለት አራት አማራጮች አንዱን ነክቶ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ «ለምን?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ዝም ካለ ሒሳብ አላወቀም። ስለዚህ መሣሪያው ያለበት ክፍል ጸጥ ያለ ክፍል ሆኖ ከዋለ፣ ልጆቹም ጆሯቸውን ዘግተው ከየመስኮታቸው ጋር ብቻ ከተፋጠጡ፣ አባቶቻቸው በአደባባይ የተካኑበትን ዕውቀት ልጆቹ በክፍል ውስጥ ያጡታል።

ነገር ግን ሚዛናችን እንዳያጋድል የጉባኤውንም ጒድለት መናገር ይገባል። በቀድሞው ዘመን በእነዚያ አደባባዮች ሴቶች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ከሌላው ጋር እኩል የመናገር ዕድል አልነበራቸውም። በዛሬውም ክፍል ውስጥ ቢሆን እጅ የሚያወጡት ዘወትር እነዚያው ጥቂት ደፋሮች እንደሆኑ እናንተው ታያላችሁ። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ይባላል፤ ሆኖም ለመጠየቅ የሚያፍር፣ እንዳይሳቅበት የሚፈራ ተማሪ ሞልቷል። መሣሪያው ለእነዚህ ተማሪዎች መልካም መሸጋገሪያ ነው። በኋለኛው ወንበር ላይ ዝም ብላ የምትቀመጥ ልጅ ማንም ሳያያት ስሕተቷን አርማ፣ በሚቀጥለው ቀን እጇን ለማውጣት ድፍረት ታገኛለች። መሣሪያው የጉባኤው ምትክ ሳይሆን ወደ ጉባኤው መግቢያ በር ሲሆን ጥቅሙ ሙሉ ይሆናል።

ሌላው ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ የቋንቋ ነገር ነው። የጋሞ ልጅ በቤቱ ጋሞኛ ይናገራል፤ አማርኛን እንደ አንድ ትምህርት ይማራል፤ በሁለተኛ ደረጃ ሒሳብን የሚማረው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ከታወቁት የማስጠኛ ፕሮግራሞች አብዛኞቹም የተዘጋጁት በእንግሊዝኛ ነው። «አት ሊስት» የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ «ቢያንስ» ማለት ነው፤ ነገር ግን «ሌስ»፣ ማለትም «ያነሰ» ከሚለው ቃል ጋር በድምፅ ስለሚቀራረብ፣ «ቢያንስ 5» የተባለውን «ከ5 ያነሰ» ብሎ የሚተረጒም ተማሪ ብዙ ነው። መሣሪያው ይህን ተማሪ ሒሳብ እንደማያውቅ ይመዘግበዋል፤ ያላወቀው ግን ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላትን ነው። ይህን የሚለይ የተማሪውን ቋንቋ የሚያውቅ መምህር ብቻ ነው። ምሳሌዎቹም ቢሆኑ ስለ በረዶ መንሸራተቻና ስለ ምድር ውስጥ ባቡር ከሚናገሩ ይልቅ፣ በአርባ ምንጭ ዙሪያ በመኪና ስለሚጫን ሙዝ፣ በደጋው ስለሚተከል እንሰት፣ በድውር ላይ ስለሚቈጠር ክር ቢናገሩ ተማሪው ጥያቄውን ለመረዳት የሚያጠፋው ጊዜ ለመፍትሔው ይተርፈው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በከፍተኛ ትምህርት ማእከልነት የምታገለግለው አርባ ምንጭ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የሒሳብ ተማሪዎቿ እንዲህ ያሉትን ጥያቄዎችና ማብራሪያዎች በጋሞኛና በአማርኛ ቢያዘጋጁ ለአካባቢው ትልቅ አገልግሎት ይሆናል።

ከላይ ከተነገረው በመነሣት፣ መሣሪያው ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ሊሟሉ የሚገባቸውን አራት ነገሮች እንወስን። አንደኛ፣ መሣሪያው ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ይሁን። በብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች መብራትም ሆነ ኢንተርኔት አስተማማኝ አይደለም። ይህ ግን መፍትሔ የሌለው ችግር አይደለም፤ ኮሊብሪን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ትምህርቱን በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ አከማችተው በዙሪያው ላሉ ታብሌቶች ያለ ኢንተርኔት ያድላሉ። ትምህርቱ አንድ ጊዜ ከከተማ ተጭኖ ወደ ተራራው ከወጣ፣ የቀረውን በፀሐይ ኀይል በሚሞላ ባትሪ ማካሄድ ይቻላል።

ሁለተኛ፣ መዝገቡን መምህሩ ያንብበው። ፕሮግራሙ የሚያጠራቅመው የስሕተት መዝገብ ማንም ሳያየው ከቀረ፣ ሐኪም ያላነበበው የላቦራቶሪ ውጤት ሆኖ ይቀራል። መምህሩ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ከመዝገቡ ላይ ብዙ ተማሪዎች የተሰናከሉበትን አንድ ጥያቄ መርጦ በሰሌዳ ላይ ቢያወያይበት፣ መሣሪያው የመምህሩ ዐይን ይሆንለታል። ለዚህም መምህሩ በቂ ሥልጠናና ጊዜ ሊሰጠው ይገባል።

ሦስተኛ፣ ደብተርና እርሳስ ከመሣሪያው ጎን ይኑሩ። ተማሪው መልሱን ወደ መሣሪያው ከማስገባቱ በፊት አሠራሩን እርምጃ በእርምጃ በደብተሩ ላይ ይጻፍ። እንዲህ ሲያደርግ የተሳሳተበትን ቦታ ራሱ ተመልሶ ለማየት ይችላል፤ መልስ እየገመቱ ቊልፍ መነካካትም ይቀራል።

አራተኛ፣ ሁለት ወይም ሦስት ተማሪዎች በአንድ መሣሪያ ይጠቀሙ። ይህ በመሣሪያ እጥረት ምክንያት ብቻ የሚደረግ እንዳይመስላችሁ። አንዱ ሲሠራ ሌላው «ለምን እንዲህ አደረግህ?» እያለ ቢጠይቀው፣ በመስኮቱ ፊት ትንሽ ጉባኤ ተቋቋመ ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ጐበዙ ብቻ እንዳይሠራ ተራ መጠበቅ ያስፈልጋል።

በዚህ ዐሳብ ላይ ሊነሣ የሚችል ብርቱ ተቃውሞ አለ። «ወንበር ያልተሟላበት፣ የመማሪያ መጽሐፍ ለሁሉ ያልደረሰበት ትምህርት ቤት እያለ ስለ ታብሌት ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ነው። ተቃውሞው በቅን ልብ የቀረበ ነው፤ መልስም ይገባዋል። መጽሐፍና ታብሌት በአንድ ሚዛን ላይ ወጥተው አንዱ ይመረጥ ከተባለ፣ እኔም መጽሐፉን አስቀድማለሁ፤ መጽሐፍ ባትሪ አያልቅበትም፣ ሲወድቅም አይሰበርም። ነገር ግን መጽሐፍ ያልሠራኸው ለምን እንደሆነ አይነግርህም። ከስድስተኛ ክፍል ትምህርት አንድ እርከን ጎድሎት ዘጠነኛ ክፍል የደረሰ ልጅ፣ የዘጠነኛ ክፍል መጽሐፍ በእጁ ቢኖረውም ወደ ጎደለው እርከን የሚመልሰው የለም። ስለዚህ ለክፍሉ ሁሉ መጽሐፍ፣ ለትምህርት ቤቱ ደግሞ በተራ የሚጠቀሙባቸው ጥቂት መሣሪያዎች ቢኖሩ ሁለቱ ይደጋገፋሉ እንጂ አይጣሉም። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ መሣሪያ ማደል ግን፣ ከፔሩ እንዳየነው፣ ወጪው ብዙ ሆኖ ፍሬው ጥቂት ሊሆን ይችላል።

ሌላም ሰው «መሣሪያው እየተሻሻለ ሲሄድ መምህር አያስፈልግም» ይል ይሆናል። ለዚህ ሰው የምመልስለት በጥያቄ ነው። ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት የቀረውን ልጅ ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ ማን ነው? ከሰፈሩ ተነሥቶ ረጅም አቀበት ወጥቶ የመጣውን፣ ቁርስ ያልበላውን ልጅ ፊቱን አይቶ የሚያውቅ ማን ነው? አንድ ተማሪ «አልችልም» ሲል፣ «ባለፈው ወርም እንዲሁ ብለህ ነበር፤ ነገር ግን ቻልከው» የሚለው ማን ነው? መሣሪያው ስሕተትን ይቈጥራል፤ ሰውን ግን የሚያውቀው ሰው ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ መሣሪያውን መግዛትና ማስገባት የእናንተ ፋንታ ላይሆን ይችላል። በአጠቃቀሙ ላይ ግን ሥልጣኑ በእጃችሁ ነው። ዛሬ የእጅ ስልክ ያላችሁ፣ ወይም ከታላቅ ወንድምና እኅት የምትዋሱ ብዙዎች ናችሁ። ስልኩን ለሒሳብ ስትይዙት መልሱን እንዲነግራችሁ አትጠይቁት፤ ያልገባችሁን አንድ እርምጃ እንዲያብራራ ጠይቁት። የነገራችሁንም ሳትመረምሩ አትቀበሉት፤ መሣሪያም ይሳሳታልና ያገኛችሁትን ቊጥር ወደ እኩልታው መልሳችሁ አስገብታችሁ አረጋግጡ። የቀድሞ ክፍል ትምህርት መክለስ የሚያሳፍር አይደለም፤ የሚያሳፍረው የጎደለውን እርከን እያወቁ ዘሎ ለማለፍ መሞከር ነው።

በዚህ ጽሑፍ የቀረበው የአንድ ጸሐፊ አስተያየት ስለሆነ እናንተም የራሳችሁን ልትይዙ ትችላላችሁ። ከመጻፋችሁ በፊት ግን አንድ ሥራ ሥሩ። ሀ/2 + ሀ/3 = 10 የሚለውን እኩልታ በደብተራችሁ ላይ ጻፉና 25 የሚለው መልስ ለምን ስሕተት እንደሆነ በቤታችሁ በምትናገሩት ቋንቋ ለአንድ ጓደኛችሁ አስረዱ። ጓደኛችሁ «ገባኝ» ካለ በኋላ ራሱ ለሦስተኛ ሰው እንዲያስረዳ አድርጉ። ከዚያም በዚህ ሥራ ላይ መሣሪያ ሊሠራላችሁ የሚችለው የቱን፣ ሊሠራላችሁ የማይችለው የቱን እንደሆነ ለይታችሁ፣ ምክንያታችሁን በቅደም ተከተል በማስረዳት የአንድ ገጽ ድርሰት ጻፉ።